የጀብሪል ቤልጅግ

እኔ ዘይነባ ጠመንጃ አልወድም። አትግዛ ግን አላልኩም። ልጇ ጓዳ ተደብቆ የሚውልባት እናት ምን አፍ አላት? ዝናብ በራቀበት በስልሳ አራት ዓመተ ምሕረት የባለቤቴ የጀብሪል ታናሽ ወንድም መርሳ ላይ በመስኖ ውሃ ተጣልቶ ሰው ገደለና ወደ ቆላ ጠፋ። እሱስ ጠፋ፤ ደሙ ግን እኛ ደጅ ቀረ። የሟች ወንድም አብዱልሐሊም ከጀብሪል ቤት አንድ ወንድ ሳልጥል አላርፍም ብሎ ማለ። ከጀብሪል ቤት ጎበዝ የሚባለው ደግሞ አንድዬ ልጄ አማን ነው።

ደም አስታራቂው አባጋር ሼህ ይማም ለእርቅ በመካከል ገቡ። አባጋር ከገባ ሕጉ የታወቀ ነው፤ የሟች ወገን መልስ እስኪሰጥ ድረስ ከሁለቱም ወገን ጠመንጃ አይጮህም። የጮኸ እንደሆነ እርቁን አልፈልግም ማለት ነው። ይህን በኛ አገር በሐብሩ ሕፃን ልጅ ያውቀዋል።

ጀብሪል ግን እንቅልፍ አጣ። ውሻ በጮኸ ቁጥር ብድግ ነው፤ በሩ ኮሽ ባለ ቁጥር ዱላ መጨበጥ ነው። «እንቢ ቢሉስ? በዱላ ልመልሳቸው ነው?» ይለኛል። በመጨረሻ ሙላቱ የሚባል ወታደር የነበረ ሰው ሁለት ጠመንጃ በማሽላ አገዳ ጭነት ውስጥ ደብቆ ከወልድያ በአህያ አመጣለት።

ጓሮ ወስደው ጆንያ ላይ አጋደሟቸው። አንዱ ውጅግራ ነው፤ ያያቶቻችን ዘመን ዕቃ። ጀብሪል ከፍቶ አፈሙዙን ወደ ፀሐይ አቀናና በውስጡ አጮልቆ አየ። «ዝገት በልቶታል። ጥይቱስ ከየት ይገኛል?» ብሎ ወደ ጎን ገፋው። ሁለተኛው ቤልጅግ ነው። ሰደፉ ተሰንጥቆ በጠፍር ታስሯል፤ ውስጡ ግን ንጹሕ ነው። ትከሻው ላይ አስደገፈው፤ ባዶውን ቃታ ሲስብ ቀጭ አለ።

«ይሄ ይሻላል። ግን ይተኩሳል?»

ሙላቱ ሳቀ። «ሳትሞክረው ልትገዛ ነው እንዴ? ዱላ መሰለህ? ወርደን እንሞክረዋ!»

ደሜ ፈላ። «አንተ ሰውዬ፣ ያገራችንን ሕግ ካላወቅህ አርፈህ ተቀመጥ! ጀብሪል፣ የሼህ ይማምን ቃል ረሳኸው?»

«አልረሳሁም። መግዛት አልተከለከለም፤ መጮሁ ነው የተከለከለው። ገደል ገብተን ነው የምንተኩሰው። ድምፁን ገደሉ ይውጠዋል።»

«ገደል ድምፅ ሲውጥ የት አይተሃል? እኔ የማውቀው ሲያስተጋባ ነው!»

«ዘይነባ፣ የማይተኩስ ብረት ይዤ አማንን ላስገድለው?»

በልጄ ስም መጣብኝ። እየተነጫነጭኩ ተከትያቸው ወደ ገደሉ ወረድኩ።

ሙላቱ ማዶ ካለው ቁልቋል ሥር ነጭ ድንጋይ አቆመ። ጀብሪል ተንበርክኮ አነጣጠረ። እጄን ጆሮዬ ላይ አድርጌ «ቢስሚላህ፣ ቢስሚላህ» እላለሁ። ቃታው ተሳበ፤ ጥይቱ ከሸፈ። እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

«በቃ፣ አላህም አልፈቀደው! እንሂድ!» አልኩ።

«ጥይቱ እርጥበት ነክቶት ነው» አለና ሙላቱ ሌላ አቀበለው። ምናለ እጁን በቆረጠው!

ያ ረቢ! ድምፁ ከገደል ገደል እየተላተመ ሽቅብ ወጣ። ዝንጀሮዎቹ ተንጫጩ። ድንጋዩ ብትንትኑ ወጥቷል። ባሌን እንዲያ ሲስቅ ካየሁት ሁለት ወር አልፎኝ ነበር።

ቤት ስንገባ ቤልጅጉን ምሰሶው ላይ ሰቀለው። አንገቱን ደፍቶ የከረመው ሰውዬ ደረቱን ነፋ። «አማን! ና ውጣ ልጄ፣ በሬዎቹን ወንዝ አውርደህ አጠጣ። ሻገትክብን እኮ!»

«ኧረ በአላህ፣ ዛሬ ይቅር» አልኩ።

«ምን ይሆናል? እነሱም በአባጋር ቃል ታስረዋል። እንቢ ካሉም ጠመንጃ አለን።»

ልጄ ፀሐዩ ዓይኑን እየወጋው፣ እየሳቀ ወጣ። ላስቀረው እጁን ብይዘው «ተይኝ እማ፣ አየር ልቅመስ» ብሎኝ በሬዎቹን እየነዳ ወረደ።

ብዙም ሳይቆይ ሼህ ይማም ብቻቸውን መጡ። ሰላምታ አላቀረቡም። እሳቸው ሰላም ሳይሉ ደጃችንን ረግጠው አያውቁም።

«የተኮሳችሁት እናንተ ናችሁ?»

«ለሙከራ ነው ሼህ፣ ወላሂ ሌላ ሐሳብ የለኝም» አለ ጀብሪል።

ሼሁ ደጃፉ ላይ በቁማቸው ዱላቸውን ተደገፉ። «አብዱልሐሊም እሺ ብሎ ነበር። ጠመንጃውን ቤቱ ትቶ፣ ባዶ እጁን፣ ከኔ ጋር ወደዚህ እየመጣ ነበር። ከአማን ጋር ከአንድ ገበታ ሊቆርስ። ተኩሱን ሲሰማ ቀጥ አለ። ‹መልሳቸው ይኸው፣ ሼህ› ብሎኝ ተመለሰ። ብለምነው፣ ብገዝተው አልሰማኝም።»

«ወዴት ነው የተመለሰው?» አልኩ።

«ወደ ቤቱ ነዋ። ጠመንጃውን ሊያነሳ።»

ቤቱ ወንዙ ዳር ነው፤ ከከብት መጠጫው ፊት ለፊት። ጀብሪል ዘሎ ቤልጅጉን ከምሰሶው ሊያወርድ እጁን ሰደደ።

«ተወው!» አልኩት። «እሱን ይዘህ ከወረድክማ አለቀ! ተወው አልኩህ!»

እሱን አልጠበቅሁም። ነጠላዬ የት እንደወደቀ አላውቅም፤ ቁልቁል ሮጥኩ። አማን ብዬ እንዳልጣራ፣ ልጄ የት እንዳለ ለደመኛው መንገር ነው።

«አብዱልሐሊም!» እያልኩ፣ ወደኔ እንዲዞር ጮህኩ። «ወንድሜ! አብዱልሐሊም!»