መጀመሪያ ቅጂልኝ

የእናቴ ኮምፒውተር መብራት ጠፍቶ ከመጣ ወዲህ ጥቁር ስክሪን ላይ ጥቂት መስመሮች ደርድሮ ይቆማል። በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ የጫንኩላት እኔ ነኝ፤ ተርጉማ ልትጨርሰው የደረሰችው መጽሐፍ ደግሞ ያለው እዚያ ውስጥ ብቻ ነው።

«ሁሉንም አጥፊና ፎርማት አድርጊው፣ ተገላገይ» አለ አጎቴ ሶፋው ላይ እንደተጋደመ።

«አንተን ፎርማት ያድርግህ!» አለችው እናቴ።

ሊኑክስ ያለበትን ፍላሽ ሰክቼ ኮምፒውተሩን በእሱ አስነሳሁት። የውስጡ ዲስክ ታየ። ወዲያው የመጠገኛውን ትእዛዝ ጽፌ ጣቴን ኢንተር ላይ አሳረፍኩ።

«ይሄ ነገር ጽሑፌን አይነካውም?» አለች።

«ብዙ ጊዜ አይነካም።»

«ብዙ ጊዜ? እጅሽን አንሺ፣ የኔ እመቤት! መጀመሪያ ቅጂልኝ።»

እውነቷን ነው፤ ትእዛዙን ሰረዝኩት። ዲስኩን ምንም እንዳይለወጥበት ለንባብ ብቻ ከፍቼ ፋይሎቿን ወደ ውጫዊ ዲስክ መቅዳት ጀመርኩ። ሥራው ይንፏቀቃል፤ ተነሳሁ፣ ተቀመጥኩ፣ ጥፍሬን በላሁ። ሲያልቅ የመጨረሻውን ምዕራፍ በእኔ ላፕቶፕ አስከፍታኝ እስከ ታች አነበበችው።

«አሁን እንደፈለግሽ አድርጊው» ብላ ላፕቶፔን ከነዲስኩ ይዛ ወጣች።

ጥገናው ተሳክቶ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ልነግራት ሮጥኩ። በላፕቶፔ እየተረጎመች ነበር።

«ጎሽ» አለች ቀና እንኳ ሳትል፤ «በዚያኛው አንቺ ሥሪበት።»