ምክር ቤቱ ያልደፈነው ጉድጓድ

ፊንታን መርሳት የጀመረው በትንንሹ ነበር። መጀመሪያ የጎረቤት ስም ጠፋበት፣ ቀጥሎ የገዛ ላሞቹ፤ በመጨረሻ አባቱ በሠራው ቤት፣ አባቱ በተቀመጠበት ወንበር ላይ ሆኖ «በሉ እንግዲህ ቤቴ አድርሱኝ» ማለት አመጣ። በተለይ ፀሐይ ከሐይቁ ማዶ ስታዘቀዝቅ ይብስበታል። ኮቱን ይለብስና የበሩን እጀታ ይዞ ይቆማል። ሚስቱ አትራክታ ሐኪም ያዘዘውን ኪኒን ሞክራለች፣ ለቅድስት ብሪጂድ ሻማ አብርታለች፣ አንዳንዴም ተቆጥታለች። ስለ ቁጣዋ ንስሐ ገብታለች።

መላው የተገኘው ሳይታሰብ ነው። አንድ ማታ ዳቦ ልትገዛ ስትወጣ ብቻውን መተዉ አስፈራትና በአሮጌዋ ቀይ መኪናቸው ይዛው ሄደች። ገና ከግቢው እንደወጡ የፊንታን ትከሻ ወረደ፣ ምላሱም ተፈታ። «ይህች የእነ ማክጎቨርን በር ናት። አባትየው አንድ ዓይና ነበር፣ ግን በግ ሲቆጥር የሚያህለው የለም። እዚህ ጋ ደግሞ አንቺና እኔ ብስክሌት ላይ ወድቀን ጉልበትሽ የተላጠው» አላት። አትራክታ ዳቦውን ረስታ ሐይቁን ዞረች። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ መዞር ሥርዓታቸው ሆነ። በመኪናዋ ውስጥ ባሏ ይመለስላታል፤ ቤት ሲደርሱ ሾርባውን ጠጥቶ እንደ ሕፃን ይተኛል።

የሚያስቸግራቸው ከድልድዩ ማዶ ያለው ጉድጓድ ብቻ ነበር። ያገሩ ሰው ሁሉ፣ መንገዱን መጠገን ያለበት የወረዳው ምክር ቤትም ጭምር፣ ያውቀዋል። ዝናብ ሲሞላው «ምክር ቤቱ ዓሣ ሊያረባበት ነው» እያለ ይስቅና ጥግ ጥጉን ያልፋል። ጥግ ጥጉን ማለፍ ቢቻልም ሌላ መኪና ሲመጣ መግባት ግድ ነው። ያን ጊዜ ፊንታን ወገቡን ይዞ «ወይኔ እናቴ!» ይላል። አንድ ቀን፣ ለገና በዓል ጥቂት ቀናት ሲቀሩ፣ ጉድጓዱ በጠጠርና በሬንጅ ተደፍኖ፣ ተደልድሎ፣ ልስልስ ብሎ አገኙት። አትራክታ እግዚአብሔርንና ምክር ቤቱን በአንድ ትንፋሽ አመሰገነች።

የየካቲት ውርጭ ግን ማንንም አይምርም። ውኃ ከሥሩ ገባ፣ ረጋ፣ ሬንጁን እንደ ድስት ክዳን አነሣው። አንድ ዝናባማ ማታ የመኪናዋ ጎማ የክዳኑን ጠርዝ መታው።

ጋራዡ ውስጥ መካኒኩ ከመኪናዋ ሥር ወጥቶ እጁን በጨርቅ ጠረገ።

«ቸርኬው ተጣሟል፣ ሞላው ተሰብሯል፣ መሪው የተያያዘበትም ተሰንጥቋል። ካንቺ አላተርፍም፤ ዕቃው ብቻ ግን የሁለታችሁን የወር ጡረታ ይጨርሰዋል።»

«እንግዲያው እዚያው ትቁም።»

«ምክር ቤቱን ጠይቂ እንጂ! ያገራችንን ሕግ አታውቂም? መንገዱ በራሱ ጊዜ ተቦርቡሮ መኪናሽን ቢሰብር አይከፍሉም። እነሱ ጠግነውት በጥገናው ጥፋት ከተሰበረች ግን ይከፍላሉ።»

«እጁን አጣጥፎ የተቀመጠ ጻድቅ፣ የሠራ ኃጥእ? ምን ዓይነት ሕግ ነው?»

«እኔ መካኒክ ነኝ፣ ሕጉን ተይውና ዕድልሽን እይ። ያንቺ ጉድጓድ ተደፍኖ ነበር።»

አትራክታ ማመልከቻውን ጻፈችና መልስ መጠበቁ ተጀመረ። ማታዎቹ ተመልሰው ከበዱ። ፊንታን ኮቱን ለብሶ በሩ ላይ ይቆማል፤ «ይበቃኛል፣ ሰዎቹ ደግ ናቸው፣ ግን ቤቴ ልሂድ» ይላል። በእግር ልታዞረው ሞከረች፣ ጉልበቱ ከዳው። አንድ ማታ ጨነቃትና ሁለት የወጥ ቤት ወንበር ጎን ለጎን አስቀምጣ አንዱ ላይ አስቀመጠችው። እሷም ሌላው ላይ ተቀምጣ የድስት ክዳን እንደ መሪ ይዛ በአፏ የሞተር ድምፅ አሰማች። ፊንታን ዞሮ ለረጅም ጊዜ አያት።

«ምን ነካሽ አንቺ ሴትዮ? ሐኪም ይጠራልሽ?» አላት በሐዘኔታ።

አትራክታ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ከዚያ እንባው ብቻውን ቀረ።

ከምክር ቤቱ የተላከው ካሃል የሚባል ወጣት መሐንዲስ ነበር። ጉድጓዱ አጠገብ ተንበርክኮ ለካ፣ የሬንጁን ቁራጭ በጣቱ አሻሸ፣ ከዚያ እቤት ገብቶ ሻይና በቅቤ የተቀባ ጥቁር ዳቦ ተቀበለ። ፊንታን «አንተ የማን ልጅ ነህ?» ብሎ ደጋግሞ ሲጠይቀው፣ በየጊዜው እንደ አዲስ መለሰለት። አትራክታ በዚህ ወደደችው።

«ወይዘሮ አትራክታ፣» አለ በኋላ፣ «እኛ ጋ ይህ ጥገና አልተመዘገበም። ግን ሠራተኞቻችን ከሌላ ሥራ ሲመለሱ የተረፋቸውን ሬንጅ መንገድ ላይ ደፍተው ማለፋቸው አዲስ አይደለም። ሌላ ማን ይደፍናል? ምክር ቤቱ እንደደፈነው አምናለሁ ብለው ከፈረሙልኝ እኔ እደግፈዋለሁ። ሐሙስ እመለሳለሁ።»

የዚያን ዕለት ከሰዓት ማላኪ መጣ። ማላኪ ከድልድዩ አጠገብ ብቻውን የሚኖር፣ ያላገባ፣ ከሰው ይልቅ ከበጎቹ ጋር የሚያወራ ጎረቤታቸው ነው። ቆቡን በእጁ እያሽከረከረ ደጃፉ ላይ ቆመ።

«ግባ እንጂ፣ ብርዱን አታስገባብኝ።»

«አልገባም። ጉድጓዱን የደፈንኩት እኔ ነኝ።»

አትራክታ ወደ ደጃፉ ወጥታ በሩን ከኋላዋ ገርበብ አደረገች፤ ማላኪ ቀጠለ።

«የበረቱን ጣራ ስለጥፍ ሬንጅ ተርፎኝ ነበር። አጥሩ ሥር ሆኜ ስሰማ ፊንታን እዚያ ጋ በደረሰ ቁጥር እናቱን ይጠራል። አንጀቴን በላው። አንድ ማለዳ ወጣሁና...» ቆቡን ተመለከተ። «በደንብ ጠቅጥቄው ነበር፣ አትራክታ። ውርጩን አላሰብኩም። ለመሐንዲሱ ልነግረው ነው። በሕዝብ መንገድ ላይ እጁን ያስገባ ራሱ ዕዳውን ይሸከማል አሉኝ። በጎቹን እሸጣለሁ።»

መጀመሪያ የመጣባት ንዴት ነበር። በሩ ላይ የሚቆመው ባሏ፣ ወንበሮቹ፣ እንቅልፍ ያጣችበት ሁሉ በአንድ ጊዜ ታያት።

«አንተ ጅል!» አለችው። «አንተ የተረገምክ ደግ ጅል! ማን ላከህ?»

«ማንም።»

«ሂድ ከፊቴ። ለማንም እንዳትናገር።»

ከሄደ በኋላ መቁጠሪያዋን አንሥታ ተቀመጠች፤ ጣቷ ግን ከአንዷ ፍሬ አላለፈም። ነገሩ ቀላል ይመስል ነበር። ምክር ቤቱ ሀብታም ነው። ፊርማዋ ማንንም አይጎዳም፤ መኪናዋ ትጠገናለች፣ ባሏ ይመለስላታል። ጠዋት ፈርማ ቢሆን እውነት ነበር፤ አሁን ግን ታውቃለች። እውነቱን ብትናገር ደግሞ ማላኪ በጎቹን ያጣል። ወዲያ ማዶ ፊንታን የበሩን እጀታ ያንቀጫቅጫል። «ጌታ ሆይ፣ ምነው አንዱን እንኳ ቀላል ብታደርግልኝ» አለች። ሌላ ጸሎት አልመጣላትም፤ ያንኑ እየደጋገመች አመሸች።

ሐሙስ ካሃል ወረቀቱን ይዞ መጣ።

«አልፈርምም፣ ልጄ። ምክር ቤቱ አልደፈነውም።»

«ማን ነው ታዲያ?»

«በጎ የተመኘልን ሰው ነው። ስሙን አልነግርህም።»

«ካልነገሩኝ ማመልከቻው ይዘጋል። ከምክር ቤቱም ከሰውዬውም ምንም አያገኙም።»

«ይዘጋ።»

ካሃል ወደ ፊንታን ተመለከተ። ፊንታን ኮቱን ለብሶ ቁልፎቹን አዛብቶ ይቆልፋል። ወጣቱ ተነሥቶ ቁልፎቹን አስተካከለለት፤ ከዚያ ወረቀቱን አጠፈ።

«እውነቱን ልንገርዎት፣ እኔም ጠርጥሬ ነበር» አለ። «የኛ ሰዎች እንደዚያ ተጠንቅቀው አይጠቀጥቁም።»

«እሱስ በደንብ ጠቅጥቆት ነበር፣ ውርጩ አነሣው እንጂ።»

«ውርጩ የኛንም ያነሣዋል። በሚቀጥለው ሳምንት ሰው ልኬ አስቆፍሬ በወጉ አስደፍነዋለሁ። እሱን እንኳ ልሥራ።»

ከሄደ በኋላ አትራክታ ጠረጴዛው ላይ ክንዶቿን ዘርግታ ቀረች። የቀረው ምርጫ መኪናዋን ለቁርጥራጭ ብረት መስጠት ነበር። ማላኪ የካሃልን መኪና ቶሎ ሲመለስ አይቶ የሆነውን ገምቶ ይሁን፣ ወይም ካሃልን ራሱን መንገድ ላይ አስቁሞ ጠይቆት ይሁን፣ እሷ እስከ ዛሬ አታውቅም። ብቻ ፀሐይ ልታዘቀዝቅ ስትል ግቢው ውስጥ ጆሮ የሚበጥስ ድምፅ ተሰማ።

ማላኪ ጣራ በሌለው አሮጌ ትራክተሩ ላይ ተቀምጧል። ከኋላ፣ ትራክተሩ ከፍና ዝቅ የሚያደርገው፣ በግ የሚያመላልስበት የብረት ሳጥን ታጥቦ፣ የሣር እስር ገብቶበት፣ በላዩ ብርድ ልብስ ተነጥፎበታል።

«መኪና የለኝም» አለ ማላኪ እየጮኸ። «ይህ ነው ያለኝ። ማታ ማታ እመጣለሁ።»

«አብደሃል? ፖሊስ ቢያየንስ?»

«ፖሊስ ጉድጓዱን ፈርቶ በዚህ መንገድ መጥቶ አያውቅም!»

ፊንታን ኮቱን እንደለበሰ ወጥቶ ሳጥኑን እንደ በግ ገዢ ዞሮ አየው፣ በእግሩም መታ መታ አደረገው።

«ቀበቶ የለውም» አለ።

«እኔ እይዝሃለሁ» አለችው አትራክታ፤ ወጥታም ክንዷን በወገቡ ዙሪያ አጠላለፈች።

ፊታቸውን ወደ ኋላ አዙረው ተቀመጡ፤ ትራክተሩ ተንቀሳቀሰ። በመኪናዋ ቤቶቹ ይመጡላቸው ነበር፤ አሁን ግን ቀስ እያሉ ይሸኟቸዋል። የእነ ማክጎቨርን በር አለፈ፣ ድልድዩ አለፈ፣ ሐይቁ ቀላ። ማላኪ ጉድጓዱ ጋ ሲደርስ ፍጥነቱን ከእግረኛ አሳንሶ፣ ሳጥኑን ከፍ አድርጎ፣ ዕንቁላል እንደጫነ ሰው አለፈ።

ፊንታን በእጁ እየጠቆመ ማውራት ጀምሯል። ከሞተሩ ጩኸት የተነሣ አትራክታ አንዲት ቃል አልሰማችም። ጆሮዋን ብታስጠጋም የሚሰማት ትንፋሹ ብቻ ነው። መጀመሪያ ከነከናት፤ ያቺን የብስክሌቷን ነገር እያወራ ይሁን፣ ወይም እሷ የማታውቀውን ሌላ። ከዚያ ተወችው። ባሏ ሲናገር ፊቱን እያየች፣ ሲስቅ አብራው እየሳቀች፣ ሲጠይቃት «አዎ፣ አዎ» እያለች ሐይቁን ዞሩት።