ሳይቀመጡ የተሟገቱት ሽማግሌዎች

መምህር አስረስ የአፍ ቁጥብ ናቸው ይባልላቸዋል። በቡታጅራ ከተማ ባልና ሚስት ሲጋጩ፣ ጎረቤት ከጎረቤት በድንበር ሲካሰስ፣ አስቀድሞ የሚጠሩት እርሳቸው ናቸው። በአንድ ነገር ብቻ ግን ያ ቁጥብ አፍ ልጓሙን ይበጥሳል፤ ፕሮግረሲቭ ሮክ የሚባለው የፈረንጆች ሙዚቃ የተነሣ እንደ ሆነ።

ነገሩ የጀመረው አዲስ አበባ መምህርነት ሲማሩ ነው። አብሯቸው የሚያድር ተማሪ አንድ ዘፈን ብቻውን አንዱን ገጽ የሚሞላ ካሴት ነበረው። በልጅነታቸው ጎጃም ወርደው የማኅሌት አቋቋም የተማሩት አስረስ ያን ሲሰሙ ደነገጡ። ዘፈኑ ልክ እንደ ማኅሌት በቁም ይጀምራል፤ በዝማሜ ይወዛወዛል፤ በመረግድ ይከብዳል፤ በጽፋት ይፈጥናል። እንዲህ ያለ ሥርዓት ከቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውጭ ይገኛል ብለው አስበው አያውቁም። ማኅሌቱ የፈጣሪ፣ ይህኛው የጆሮ መሆኑን ለይተው ሁለቱንም በየቦታቸው አኖሯቸው። ከዚያ ወዲህ ፒንክ ፍሎይድና ጀነሲስ የሚባሉት የሙዚቃ ጓዶች በልባቸው እንደ ተተከሉ ቀሩ።

ችግሩ የመጣው ከቴሌግራም ጋር ነው። የመኪና መለዋወጫ ነጋዴው ወዳጃቸው አቶ ከድሮ፣ የዚሁ ሙዚቃ ምርኮኛ፣ ጥቂት አፍቃሪዎች የሚጻጻፉበት ቡድን ውስጥ አስገቧቸው። ሁሉም በቅጽል ስም ነው የሚጽፈው። መምህሩ «ጽናጽል» ተባሉ። በዚያ «የዋቤ ዳር ሰው» የሚባል አንድ ተሟጋች ነበር፤ የዛሬዎቹ ወራሾች፣ እነ ፖርኪዩፓይን ትሪና ኦፔዝ፣ ከአባቶቻቸው አልፈዋል ባይ። መምህሩ ደግሞ ከአባቶች ወዲህ ቅጂ እንጂ ወራሽ የለም ባይ ናቸው። ሙግቱ ጾም ሲገባ ይበርዳል፤ ጾም ሲፈታ ይግላል። በዚህ ሰሞን ጽናጽል፣ «ኦፔዝን ከጀነሲስ ጋር የሚያወዳድር ሰው ጆሮውን እንደ ጆንያ አፍ በሲባጎ ያሰረ ነው» ብለው ጻፉ። የዋቤ ዳር ሰውም፣ «አንተ የምትወደው ወጣትነትህን ነው፤ ሙዚቃው ምስክርህ ብቻ ነው» ሲል መለሰ። ይህች ነገር መምህሩን እንደ እሾህ ወግታ ቀረች።

ትንሣኤ ባለፈ በሁለተኛው እሑድ ግን የያዙት ጉዳይ ከዚህ ሁሉ የከበደ ነበር። አባት እናቱን በልጅነቱ ያጣውና እርሳቸው እንደ ልጅ ያሳደጉት በኃይሉ፣ ወልቂጤ ያለችውን ቤዛን ወዷል። ልጅቱ አታት ሆስፒታል ነርስ ናት። አባቷ አቶ ዓለምዘውድ ጡረታ የወጡ የመንገድ መሐንዲስ ሲሆኑ፣ ከዚህ በፊት ልጅቱን ሊጠይቁ የመጡ ሁለት ሽማግሌዎችን በቀጠሮ ሸኝተው ቀጠሮውን ያፈረሱ ሰው ናቸው። በኃይሉ ይህን ስለሚያውቅ የመምህሩን ጉልበት ስሞ፣ «አባቴ፣ እርስዎም ባዶ እጅዎን ከተመለሱ እኔ አልቋቋመውም» ብሎ ነበር። መምህሩም አቶ ከድሮንና የልጁን የቤት አከራይ አዛውንቱን አቶ ሰማንን ይዘው ወልቂጤ ገቡ።

ወጉ የታወቀ ነው። የሚስት ሽማግሌ መልሱን ሳያገኝ አይቀመጥም፤ እህል ውኃም አይቀምስም። ሦስቱ ሳሎኑ መካከል ቆሙ። አቶ ዓለምዘውድ በአክብሮት ተቀብለው ትይዩ ቆሙ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ከጓዳው በር ላይ ነጠላቸውን አጣፍተው ያዳምጣሉ። መምህሩ ስለ ልጁ ጠባይ፣ ስለ ሥራው፣ ስለ ዘሩ ሁሉ በሚገባ ተናገሩ። አባትየው ራሳቸውን ነቀነቁና እንደ ፈሩት፣ «እንመካከርና ቀን እንቆርጣለን» አሉ።

በዚህ ጊዜ ዝም ማለት የማይሆንላቸው አቶ ከድሮ፣ ነገሩ እንዳይዘጋ ብለው ይሁን ዓይናቸው ስቦአቸው፣ በግድግዳው ግራና ቀኝ የቆሙትን ትልልቅ ድምፅ ማጉያዎች አደነቁ። እንዲህ ያለ ዕቃ ዜና ለመስማት ብቻ እንደማይገዛም ተናገሩ። የአቶ ዓለምዘውድ ፊት በራ። ለፖርኪዩፓይን ትሪ የተገዛ መሆኑን፣ አባቶቹ በሩን ቢከፍቱም ወደ ቤቱ የገቡት ግን ልጆቹ መሆናቸውን አስረዱ።

መምህር አስረስ ቀና ብለው ሰውየውን አዩ። ይህች ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል የዋቤ ዳር ሰው በቴሌግራሙ ደጋግሞ የጻፋት ናት። በውስጣቸው «አቤቱ ለአፌ ጠባቂ አኑር» እያሉ ጥርሳቸውን ገጠሙ። በኃይሉን አሰቡ። ዝም እንዳሉ ቢወጡ ማንም ማንንም አያውቅም።

አባትየው ግን ቀጠሉ። በቴሌግራም ቡድናቸው ከቡታጅራ የሚጽፍ አንድ ጽናጽል የሚባል ደረቅ ሰው እንዳለ፣ ለጀነሲስ እንደ ታቦት እንደሚቆም፣ ነገር ግን ጀነሲስ የመጀመሪያው ዘፋኛቸው የወጣ ዕለት አብቅቶላቸው እንደ ነበር ተናገሩ።

ስድቡን መምህሩ ይችሉት ነበር። ሐሰቱን ግን አልቻሉም።

«ከዚያ በኋላ የሠሯቸውን ሁለቱን አልበሞች ደግመው ይስሙ» አሉ። «ጆሮን በሲባጎ ካላሰሩ በስተቀር አበቃ አይባልም።»

አቶ ከድሮ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ጽናጽል?» አሉ አቶ ዓለምዘውድ ዝግ ብለው።

«ነኝ፤ የዋቤ ዳር ሰው።»

አቶ ሰማን አንዱን ካንዱ እያዩ፣ ሰዎቹ በምን ደም እንደሚፈላለጉ አቶ ከድሮን በጆሮ ጠየቁ። አቶ ከድሮም ደም ሳይሆን ጊታር መሆኑን ነገሯቸው።

«ተቀመጡና ይለይልን» አሉ አባትየው።

«መልሳችንን ሳናገኝ አንቀመጥም።»

«እንግዲያስ ቆመን እንሟገታለን።»

ቆመውም ተሟገቱ። መምህሩ ወራሽ ማለት የአባቱን ርስት ያለማ እንጂ አጥሩን የቀባ አይደለም አሉ። አባትየው ኦፔዝ በአንድ ዘፈን ውስጥ ከጩኸት ወደ ሹክሹክታ የሚሻገርበትን መንገድ እንደ ድልድይ ሥራ፣ ምሰሶውን ከተሸካሚው እየለዩ አስረዱ። አቶ ከድሮ አንዴ ለዚህ፣ አንዴ ለዚያ እየፈረዱ ሁለቱንም አስቀየሙ። አቶ ሰማን ሕመም ካለበት ጉልበታቸው ወደ ደኅናው፣ ከደኅናው ወደታመመው እየተሸጋገሩ የሶፋውን መደገፊያ በምኞት ያዩት ነበር። በመጨረሻ አቶ ዓለምዘውድ ጣታቸውን ቀሰሩ።

«መምህር፣ ተክሌ አቋቋም ከቅዱስ ያሬድ ስንት ዘመን በኋላ መጣ? አዲስ ነው ብለው መቋሚያዎን ይጥላሉ?»

መምህሩ ይህን ያህል ዘመን ሲሟገቱ በዚህ በር የመጣባቸው ሰው አልነበረም።

ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ከጓዳው በር ወጡ። «ለመሆኑ እነዚህ ሰዎች የመጡት ለልጄ ነው ወይስ ለፈረንጅ?»

መምህሩ አፈሩ። አፍረውም ሳለ፣ የጀመሩት ሙግት ሳይሆን ሌላ ጥያቄ ከልባቸው ወጣ። «አቶ ዓለምዘውድ፣ እርስዎ የእኔ እኩያ ነዎት። እነዚህን አዲሶቹን ማን አሰማዎት?»

ሰውየው ከድምፅ ማጉያዎቹ ፊት ለፊት ጎን ለጎን ወደ ተቀመጡት ሁለት ወንበሮች አዩ።

«ቤዛ ናት» አሉ። «እኔም እንደ እርስዎ የድሮውን ብቻ ነበር የማውቀው። ከአታት ስትመለስ አንድ ረጅም ዘፈን አብረን ሳንሰማ እራት አይቀርብም። እናንተ ያችን ወንበር ልትወስዱ ነው የመጣችሁት። ሌሎቹም ለዚያው ነበር የመጡት።» ከዚያም ጠየቁ፤ «ልጁስ የማን ወገን ነው? የአባቶቹ ወይስ የወራሾቹ?»

አቶ ከድሮ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጁማ ወላሂ፣ ለወራሾቹ ያለው ፍቅር...» ብለው ሲጀምሩ መምህሩ ክንዳቸውን ያዙ። መልሱ ማር ነበር፤ አንዲት ቃል ብትጨመር ልጅቱ ትሰጣለች። ነገር ግን በሐሰት ላይ የተተከለ ጎጆ የመጀመሪያውን ክረምት አይሻገርም።

«ወገን የለውም» አሉ። «ደጋግሜ አሰምቼዋለሁ። ዘፈኑ እኩሌታ ሳይደርስ እንቅልፍ ይወስደዋል። የአባቶቹም የወራሾቹም አንድ ናቸው ለእርሱ። በዚህ ነገር ከእኔ ምንም አልወረሰም።»

አቶ ዓለምዘውድ ትክ ብለው አዩአቸው። ከዚያ ሳቅ ከሆዳቸው ተነሥቶ ትከሻቸውን ናጠው፤ ዓይናቸው እንባ እስኪያቀር ሳቁ።

«ይተኛል?»

«ያንኮራፋል።»

«እንግዲያስ ልጄ አብሯት የሚሰማ ሰው ያስፈልጋታል» አሉ፤ ለማንም ሳይሆን ለራሳቸው። ቀጥለውም ልጃቸውን ጠሩ።

ቤዛ ወጥታ እጅ ነሣች። አባቷ፣ የሚፈልግሽ ሰው ሙዚቃ እየሰማ እንደሚተኛ ታውቂያለሽ ወይ ብለው ጠየቋት።

«አውቃለሁ፣ አባዬ» አለች ዓይኗን ሳትሰብር። «ሲያንኮራፋ ግን ምቱን አይስትም። ሰው ማለት ደግሞ ከሥራ ደክሜ ስገባ ጫማዬን የሚያወልቅልኝ ነው፤ እርሱም እንዲያ ያለ ነው። ሙዚቃውን ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣሁ ከአንተ ጋር እሰማለሁ። ፈቃድህ ከሆነ።»

አቶ ዓለምዘውድ ሚስታቸውን አዩ። ወይዘሮ ዘርፈሽዋል፣ ባላቸው እሺ እስኪሉ ስንት ዘመን እንደ ጠበቁ በሚናገር ፊት፣ ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ተቀመጡ» አሉ አባትየው።

ከሁሉ ቀድመው የተቀመጡት አቶ ሰማን ናቸው። ምርቃቱንም ከሶፋው ሳይነሡ፣ በስልጥኛና በአማርኛ እያፈራረቁ፣ ረዘም አድርገው አደረሱት።

መምህር አስረስ ስልካቸውን ይዘው ወደ በረንዳው ወጡ። በኃይሉ መናኸሪያ አካባቢ ሆኖ ወሬውን ሲጠብቅ ውሎ ኖሮ በመጀመሪያው ጥሪ አነሣ።

«ተሰጥታሃለች፣ ልጄ» አሉት። ከወዲያ በኩል የልጁ ልቅሶ ተሰማቸው። ሊመክሩት፣ ሊመርቁት፣ ስለ ትዳር ክቡርነት ከመጽሐፍ አንድ ጥቅስ ሊጠቅሱለት ሲዘጋጁ፣ ከሳሎን የአቶ ከድሮ ድምፅ በግልጥ ተሰማ። አቶ ከድሮ፣ የሰው ቤት እንጀራ ገና ሳይቀምሱ፣ በኦፔዝ ጉዳይ የዋቤ ዳር ሰው ትክክል ሳይሆኑ አይቀሩም እያሉ ነበር።

«ምርቃቱ ማታ ይደርስሃል» አሉ መምህሩ ጫማቸውን እየጎተቱ ወደ በሩ ሲመለሱ፤ «እኔ በሌለሁበት ሊፈረድ ነው።»