ቬሮና ላይ አሥራ አንድ ደቂቃ

ፀደንያ ሠላሳ አራት ዓመት ሲሞላት ባቡር የሚባል ነገር በዐይኗ አይታ አታውቅም ነበር። ጎንደር፣ የዩኒቨርሲቲው ማራኪ ግቢ ውስጥ ግዕዝ ታስተምራለች። በተከራየቻት አንድ ክፍል ግድግዳ ላይ ግን በእጇ የጻፈችው የባቡር መንገድ ተለጥፏል፤ ሃምቡርግ፣ ሙኒክ፣ ቬሮና፣ ሮም። ሃምቡርግ ላይ የሦስት ቀን የብራና መጻሕፍት ጉባኤ አለባት። ከዚያ በኋላ ያሉት አራት ቀናት የራሷ ናቸው።

ጉዞውን ያሰቡት ሁለት ሆነው ነበር፤ እሷና የሥራ ባልደረባዋ አምሳል። ለፀደንያ ቪዛ ተሰጣት፤ አምሳል ተከለከለች። አምሳል ሁለት ቀን አልቅሳ በሦስተኛው፣ "አንቺ ሂጂ። ሁለታችንም ከምንቀር" አለቻት።

ፀደንያ እሺ አለች። ለአባቷ ለመሪጌታ ወልደኢየሱስ ግን የአምሳልን መከልከል አልነገረችም። እሳቸው ጉዞውን መጀመሪያ የሰሙ ጊዜ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ "ከማን ጋር?" "ከአምሳል ጋር" ስትላቸው፣ "እንግዲያውስ ሸጋ" አሉ። እናቷ ከሞተች ወዲህ ከእሷ ሌላ ልጅም ሆነ ቤተሰብ አጠገባቸው የለም። ብቻዋን እንደምትሄድ ብትነግራቸው የሚሉትን ታውቀዋለች።

ቀኑ ቀረበ። በረራ ይሰረዛል ብላ ትፈራለች። ፓስፖርቷን በቀን አምስት ጊዜ ታየዋለች። ከሁሉ የባሰባት ግን ቬሮና ነበር። እዚያ ከአንዱ ባቡር ወርዳ ሌላው ላይ ለመሳፈር ያላት አሥራ አንድ ደቂቃ ብቻ ነው።

አንድ ቅዳሜ ሻንጣዋን እየጎተተች መናኸሪያ ሄደች። ከአንዱ ጥግ ተነሥታ የተለጠፉትን ምልክቶች እያነበበች ሌላው ጥግ ለመድረስ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅባት በስልኳ ልትለካ ነበር። ግማሽ መንገድ ሳትደርስ አንድ ሰውዬ፣ "ደባርቅ! የቀረው አንድ ሰው ነው!" እያለ ሻንጣዋን ነጥቆ አውቶቡስ ላይ ጫነው።

"ኧረ እኔ ደባርቅ አልሄድም!"

"ታዲያ ምነው ሻንጣ ይዘሽ ትሮጫለሽ?"

ለምናና ተቆጥታ ሻንጣዋን አስመለሰች። ስልኳን ስታይ አሥራ አራት ደቂቃ ሆኗል። ባቡሩ ሄዷል ማለት ነው። መናኸሪያው በር ላይ ቆማ ሳቅም ለቅሶም መጣባት።

በማግስቱ እሑድ፣ አምሳል ነጠላዋን እንኳ ሳታወርድ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ መጣች። ፊቷ ጠቁሯል።

"ምን ጉድ ነው የሠራሽኝ?"

"ምን አደረግሁ?"

"አባትሽ የኔታ ደጀ ሰላሙ ላይ አስቆሙኝ። እጄን ይዘው፣ 'ልጄን አደራ። እሷ ሐሳብ ሲበዛባት መንገድ ይጠፋታል፤ አንቺ ትበረቻለሽ' አሉኝ።"

ፀደንያ አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። "አንቺስ ምን አልሻቸው?"

"ምን ልበል? ዐይናቸው እንባ አቅርሯል። 'እሺ የኔታ' አልኩ። አደራ ተቀብዬ እዚሁ ጎንደር ልቀመጥ?"

"አንድ ሳምንት እኮ ነው። ስመለስ እነግራቸዋለሁ።"

"ክፉ ቢያገኝሽስ? በየት ዐይኔ አያቸዋለሁ? ዛሬውኑ ሄደሽ አደራቸውን ከላዬ አንሺልኝ።"

ፀደንያ ሚኒባስ ይዛ ወደ አባቷ ሰፈር ወረደች። ከሚኒባሱ ወርዳ በእግሯ የምትሄደውን መንገድ ሁለት ጊዜ ጀምራ ተመለሰች። በሦስተኛው ስትደርስ መሪጌታ በራፋቸው ላይ በአጭር የእንጨት ዱካቸው ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ።

"አባዬ፣ አምሳል አትሄድም። ቪዛ ከለከሏት። ብቻዬን ነው የምሄደው።"

መሪጌታ ቀና አሉ። ጭራቸውን ከቀኝ ወደ ግራ እጃቸው አዛወሩ።

"መቼ ነው ያወቅሽው?"

"ሦስት ሳምንት ሆነኝ።"

"ምነው ዋሸሽኝ?"

"ይከለክሉኛል ብዬ።"

"እከለክልሽ ነበር። አሁንም ብትቀሪልኝ ደስ ይለኛል።" ጭራቸውን አስቀምጠው መቋሚያቸውን አነሡ። "እኔን መዋሸትሽስ ይሁን። ያችን ልጅ ልትወጣው በማትችለው አደራ ማሰርሽ ግን ነውር ነው።"

ፀደንያ አንገቷን ደፋች። ቅሪ ብለው ቢቆርጡ እንደምትቀር ታውቃለች፤ የፈራችውም ይህንኑ ነበር። እሳቸው ግን፣ "መንገዱ እንዴት ነው?" አሉ።

ወረቀቱን ከቦርሳዋ አወጣች።

"ወረቀት ይጠፋል፤ ስልክም ይሞታል። በቃልሽ በይው።"

ጀመረች። ሃምቡርግ፣ ሙኒክ፣ መሳፈሪያው ቁጥር፣ ሰዓቱ። ስትሳሳት መሬቱን በመቋሚያቸው ይመታሉ፤ እንደገና ከራስ ትጀምራለች። ልጅ ሳለች ዳዊት ያስደገሟት እንዲሁ ነበር። ባቡሩ ተራራውን በውስጡ ሰንጥቆ ያልፋል ስትላቸው ብቻ አቋረጧት።

"በውስጡ? ጨለማ ነዋ?"

"መብራት አለው አባዬ።"

"ቬሮና ላይ ጥሎሽ ቢሄድስ?"

"ሌላ አለ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ይመጣል።"

"እና ይሄን ሁሉ ምን ያስፈራሻል?" አሉ፤ የራሳቸው እጅ ግን መቋሚያውን አጥብቆ እንደያዘ ነበር። ከዚያ በእሷ ስልክ ለአምሳል አስደወሉ። "ልጄ፣ አደራዬን መልሼ ተቀብያለሁ፤ አንቺ ነፃ ነሽ" አሏት። ሂጂም ቅሪም አላሉም። ፀደንያ ስትሰናበት ግንባሯን ስመው፣ "እግዚአብሔር ምስሌኪ፤ ከአንቺ ጋር ይሁን" ብለው ወደ ቤት ገቡ።

ማክሰኞ ዕለት አምሳል አዘዞ አየር ማረፊያ ድረስ ሸኘቻት። በረራው ሦስት ሰዓት ዘገየ። ፀደንያ ፓስፖርቷን ሁለት ጊዜ አውጥታ አየች።

"አምሳል፣ ልቅር እንዴ?"

አምሳል ቀና አላለችም። ዐይኗ ሻንጣው ላይ ነበር።

"እንደሱ አትበይ" አለች። "እኔ ፊት እንደሱ አትበይ።"

ተቃቀፉ። አምሳል ቀድማ ለቀቀቻትና ዘወር ብላ ሄደች።

ፍተሻው ላይ ፀደንያ ጫማዋን አውልቃ አሳለፈች። መልሳ ልታስር ጎንበስ አለች። ከኋላዋ ያሉት መንገደኞች እያለፏት ሄዱ፤ የአዲስ አበባው በረራ ተጠራ። ማሰሪያውን ሳትቋጥር ተነሥታ ሰልፉ ውስጥ ገባች።