የአረፋ ሰሞን ዋጋ

«ጭቃ ቤት ነው! እንጨቱን ምስጥ በልቶታል፣ ግድግዳው ሆዱን ነፍቷል። ለዚህ ነው ሁለት ሚሊዮን ስድስት መቶ ሺህ የምትለኝ?» አለ ሰይዶ፣ የሳሎኑን ግድግዳ በመዳፉ እየመታ። ከምርጊቱ ትንሽ አፈር ምንጣፉ ላይ ረገፈ።

«ሀጂ፣ ቤቱን ማን አየው? የሚሸጠው ቦታው ነው!» አለ ደላላው ሙስተፋ።

«ሀጂ አትበለኝ፤ ገና አልሄድኩም።»

«እዚህ ፎቅ ያቆሙና በኪራዩ ይሄዳሉ፣ ኢንሻአላህ።»

የቤቱ ባለቤት እማማ ወለተ ሐና ሳይቀሩ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ሳቁ። ሳሌሃ ብቻ አልሳቀችም። በሩ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጣ ባሏን ዑመይርን ታየው ነበር። ዑመይር ከታላቅ ወንድሙ ከሰይዶ ጎን ቆሞ የረገፈውን አፈር በእግሩ ጫፍ ይሰበስባል።

ሳሌሃና ዑመይር በዚህ ግቢ ሰርቪስ ቤት ተከራይተው ዘጠኝ ዓመት ኖረዋል። ሁለቱም ልጆቻቸው የተወለዱት እዚህ ነው። እሱ አስተማሪ ነው፤ እሷ ገበያው አጠገብ ልብስ ትሰፋለች። እማማ ወለተ ሐና ዕድሜያቸው ሲገፋ አዲስ አበባ ልጃቸው ምሥራቅ ዘንድ ለመግባት ወሰኑና ከሁለት ወር በፊት ጠሯቸው። «ለባዳ ከምሸጥ ለእናንተ ይሁን» አሉ። በአንድ ሚሊዮን ዘጠኝ መቶ ሺህ ተስማሙ። ሳሌሃ የሰርጓን ወርቅ ሸጠች፤ ዑመይር ከመምህራን የቁጠባ ማኅበር ተበደረ፤ የዕቁቡንም ጨመሩበት። ሞላ።

የቀረው ታላቅ ወንድም ብቻ ነበር። በዑመይር ቤተሰብ ትልቅ ነገር ሲገዛ የሚናገረው ታላቅ ነው፤ እሱ እያለ ታናሽ ዋጋ አይቆርጥም። ሰይዶ ደግሞ ታላቅ ብቻ አይደለም። አባታቸው ሲሞት መርካቶ ገብቶ ሚስማር እየቸረቸረ ዑመይርን ያስተማረው እሱ ነው።

«በስልክ ንገረውና እንጨርስ፤ አረፋ አይድረስብን» ብላው ነበር ሳሌሃ።

«እንዲህ ያለ ነገር በስልክ ይነገራል? ሦስት ሳምንት እኮ ነው የቀረው።»

ሦስቱ ሳምንት አለፈ። ቡታጅራ ከአዲስ አበባ በመጣ መኪና ተሞላች። ለአረፋ የሚገባው ሰው እናቱን ስሞ፣ ሥጋውን በልቶ፣ በማግስቱ ቦታ ይጠይቃል። መንገዱ ይሰፋል ከተባለ ወዲህ የዚህ ሰፈር ጭቃ ቤት ሁሉ በየሳምንቱ ዋጋ ይለውጣል። ምሥራቅም ወሬው ደርሷት ሙስተፋን ላከች። ለአረፋ ሲገባ ነገሩን ከዑመይር የሰማው ሰይዶ ነጭ መኪናውን በሩ ላይ ሲያቆም ሙስተፋ ከጎማው እስከ እጅ ሰዓቱ ድረስ አየውና ዋጋውን ጠራ።

«ሁለት ነጥብ ሁለት» አለ ሰይዶ አሁን። «በቃ።»

«ማዶ ያለው፣ ከዚህ የሚያንሰው ቦታ፣ በሁለት ነጥብ አምስት ነው የሄደው። ገዢው ደግሞ የሱቅ ጎረቤትዎ ነው፣ ቆርቆሮ ነጋዴው።»

«የትኛው? ያ አጭሩ?»

«እሱ ራሱ።»

«ያ አጭሩ ሁለት ነጥብ አምስት ከፈለ?» ሰይዶ ወደ መስኮቱ ሄዶ ማዶ የተከመረውን ብሎኬት ተመለከተ።

ሳሌሃ ወደ ባሏ ጠጋ አለች። «ተናገር እንጂ! አቅማችን ስንት እንደሆነ ንገረው።»

«ያውቃል።»

«ያውቅ ነበር፤ አሁን ረስቶታል።»

«ሁለት ነጥብ አራት» አለ ሰይዶ ከመስኮቱ ሳይዞር።

«ወንድም ጋሼ፣ እኛ እኮ...» ብሎ ዑመይር ጀመረ።

«ቆይ። እንዲያውም ገንዘባችሁን አትንኩት። ሁሉንም እኔ እከፍላለሁ፤ በስሜ ይሁን። ከፊት ፎቅ አቆማለሁ፣ ከኋላ እናንተ እንደ ድሮው ትኖራላችሁ። ኪራይ የለ፣ ምን የለ። ግንበኛውንና ሲሚንቶውን አንተ ታይልኛለህ። ከወንድም የተሻለ ዘበኛ ከየት ይገኛል?» ሳቀና የዑመይርን ትከሻ አቀፈ።

ሳቁ ከልቡ ነበር። ሳሌሃን የጨነቃትም ይኸው ነው፤ ክፋት ቢሆን ኖሮ መልስ አታጣም ነበር።

«ጋሼ ሰይዶ» አለች፣ «ወርቄን የሸጥኩት ለራሳችን ቤት ብለን ነው። በስማችን።»

«አንቺ ልጅ፣ በእኔና በሱ ስም መካከል ምን ልዩነት አለ? የአንድ አባት ልጆች አይደለንም? ወርቁንም እኔ እተካልሻለሁ።»

«ማሻአላህ!» አለ ሙስተፋ።

እማማ ወለተ ሐና ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ዑመይር» አሉ፣ «ቃል የሰጠሁት ለአንተ ነው። አንተ ራስህ እገዛለሁ ካልክ፣ ዛሬም በተባባልነው ዋጋ እሰጥሃለሁ። ምሥራቅን ለእኔ ተዋት። ምን ትላለህ?»

«ኧረ እማማ!» ብሎ ሙስተፋ ራሱን ያዘ።

ሰይዶ አልተቆጣም፤ ክንዱን ከወንድሙ ትከሻ ላይ ግን አላነሳም። ዑመይር ሚስቱን አየ፣ አሮጊቷን አየ። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚፈለግበት። ሳሌሃ ዓይኗን ከከንፈሩ አልነቀለችም።

«ወንድም ጋሼ ከተናገረ በኋላ» አለ በመጨረሻ፣ «እኔ ምን እጨምራለሁ?»

እማማ ወለተ ሐና ሐሳቡን ይለውጥ እንደሆነ ጥቂት ጠበቁት። አልለወጠም። «እንግዲያው ይሁን» አሉ።

በሁለት ነጥብ አራት እጅ ተያያዙ። ሰይዶ ዱዓ አደረገ፤ እማማም በበኩላቸው መረቁ። ወዲያው የምስክር ነገር ተነሳ፣ የፎቁ ቁመት ተነሳ፣ የፊት ለፊቱ ስፋት ተነሳ። ዑመይር ሜትር ሊዋስ ወደ ጎረቤት ሮጠ።

ሳሌሃ ወደ ክፍሏ ገባች። ልጆቹ ለበዓሉ ገጠር እናቷ ዘንድ ነበሩ። የትምህርት ቤት ልብሳቸውን አጥፋ ቦርሳ ውስጥ ከተተች፤ የባንክ ደብተሯንና የልብስ መቀሷን ጨመረች። ለባሏ የተሸፈነውን ምሳ ጠረጴዛው ላይ ተወችው።

ስትወጣ ሜትሩ ከአጥር ጥግ እስከ አጥር ጥግ በበሩ ላይ ተወጥሯል። አንዱን ጫፍ ሰይዶ ይዟል፣ ሌላውን ዑመይር። ሙስተፋ በጣቱ እየተከተለ ቁጥሩን ያነባል። ዑመይር ዓይኑን ከቁጥሩ ሳያነሳ ሜትሩን ዝቅ አደረገላት። እሷም ተሻግራው ወጣችና ባጃጅ ጠራች።

«ስንት መጣ?» አለ ሰይዶ።