ወደ ውስጥ የተሳበ እሺታ

ዴንማርካዊው ፒያኒስት አስገር ከዴንቨር አጠገብ ባለችው በአውሮራ ከተማ፣ ቻምበርስ ሮድ አጠገብ ባለ አፓርትመንት ብቻቸውን ይኖራሉ። ጤናዬ እሳቸውን ለመንከባከብ የተቀጠረች ሰሞን አጨዋወታቸው ግራ አጋባት። ሁለት ሦስት ድምፅ ይነኩና ያቆማሉ፤ የመጨረሻው ድምፅ ሟሙቶ እስኪጠፋ ጣታቸውን አንስተው ይጠብቃሉ። የረሱ መስሏት ነበር። በወጣትነታቸው ኮፐንሃገን ውስጥ በፍጥነታቸው የታወቁ የጃዝ ተጫዋች እንደነበሩ፣ አሜሪካ ከመጡ ወዲህ ግን በየዓመቱ ከሙዚቃው አንዳንድ ነገር እየቀነሱ እዚህ መድረሳቸውን ነገሯት። አድማጩም አብሮ ቀነሰ።

«ጥሩ ነው፤ የሚያስለውም ሰው አብሮ ሄደ» ብለው ቀለዱ።

በፈረንጆቹ 2014 መጀመሪያ ላይ ጣቶቻቸው መንቀጥቀጥ ጀመሩ። ሐኪሙ ለመጫወት የቀራቸው ጊዜ አጭር መሆኑን አልደበቃቸውም። በዚያው ሰሞን የአንድ ትንሽ የዴንቨር ጃዝ ክለብ ሥራ አስኪያጅ ደውሎ፣ የማርች የመጀመሪያው እሑድ ከሰዓት በኋላ ይጫወቱ እንደሆነ ጠየቃቸው። ስልኩ ስፒከር ላይ ነበር። አስገር ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ሳብ አደረጉ። ሰውዬው ጥቂት ጠብቆ፣ እንደገባው ተናግሮ፣ ራስዎን ይጠብቁ ብሎ ዘጋ።

ጤናዬ ሳህን እያጠበች ሰምታለች። እሺ ብለዋል። እሷም እናቷም እንዲሁ ትንፋሽ ስበው ነው አዎ የሚሉት፤ ዴንማርክም እንደዚያው መሆኑን ያወቀች ቀን ስቃ ነበር። እሺታው ለሰውዬው እንዳልደረሰው ሁለቱም አልጠረጠሩም።

አስገር ጠዋት ጠዋት ተለማመዱ። እሑድ ጤናዬ ከረባታቸውን አሰረችላቸውና ዴንቨር ወሰደቻቸው። መኪናዋን ፓርክ አድርጋ፣ ደግፋ ስታስገባቸው፣ ፒያኖው ላይ አንድ ወጣት ተቀምጧል። ቤቱ ሞልቷል።

ሥራ አስኪያጁ ደነገጠ። «ዝም አሉኝ እኮ፤ እምቢ ማለትዎ መሰለኝ።»

«እሺ ብለዋል፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ» አለች ጤናዬ። እንዴት እንዳሉ ልታሳየው ትንፋሿን ሳበች። ሰውዬው ውሃ ላምጣልሽ ወይ አላት።

ሰውዬው ክፉ አልነበረም። ከልቡ ይቅርታ ጠየቀና ክፍት ቀን ያለው ጁን ላይ መሆኑን ነገራቸው። «ልያዝልዎት?»

አስገር ወጣቱን ያያሉ። ይፈጥናል፤ በድምፅና በድምፅ መካከል ምንም ቦታ አይተውም። ሰዉ በእግሩ ምቱን ይከተላል። የሚንቀጠቀጠውን እጃቸውን በሌላኛው ያዙት።

«አይ» አሉ። እንዳይሳሳት ብለው ጮክ አደረጉት።

ከፊት የተቀመጠች ሴት ዞር ብላ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገችባቸው።