የ«ነይ» መልስ

ልዋጭ ምን እንደሆነ የመርካቶ ሰው ያውቃል፤ ያረጀ ልብስህን ትሰጣለህ፣ አዲስ ሳፋ ትቀበላለህ። ሙሉብርሃንና ጓደኞቹም የሙዚቃ ባንዳቸውን «ልዋጭ» ያሉት ለዚሁ ነው። ወላጆቻችን ተቃቅፈው የጨፈሩበትን የፍቅር ዘፈን ይወስዱና ሜታል የሚባለው የጩኸት ሮክ አድርገው ይመልሱልሃል። ጊታሩ እንደ ብየዳ ይንጣጣል፣ ድራሙ ልብ ያቆማል፣ ሙሉብርሃን ደግሞ «ሆዴ» እና «ዓይናማዬ» የሚሉትን ቃላት ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ይጮኻቸዋል። ሰው በሳቅ ይፈርሳል፤ የሚመጣውም ሊስቅ ነው። የሚለማመዱት ምናለሽ ተራ፣ ብረት ቀጥቃጮች መሃል ባለች መጋዘን ውስጥ ነው። እዚያ ማን የማንን ጩኸት ይለያል? ጎረቤት አንድ ቀን እንኳ ከሷቸው አያውቅም።

ጣጣው የመጣው ዘፈን ሲያልቅባቸው ነው። ድራም መቺው ቅዱስ ሙሉብርሃንን፣ የአባትህን ዘፈን ለምን አንሠራውም አለው። አባትየው ጋሼ ዱባለ ዛሬ ሶማሌ ተራ የስልክ ከቨር ይቸረችራሉ እንጂ በጉብዝናቸው ጊዜ አንድ ካሴት አውጥተው ነበር። ከዚያ ካሴት አንዲት ዘፈን ሰው ጆሮ ገብታ ቀርታለች። «ነይ በሰባተኛ፣ ነይ በተክለ ሃይማኖት፣ በሩን አልዘጋሁም፣ ነይ» ትላለች። ለስለስ ያለች፣ ሠርግ ላይ ሙሽሮች የሚደንሱባት ዘፈን ናት።

ሙሉብርሃን ትንሽ አንገራገረ፣ ግን ሠራት። አባቱንም አላስፈቀደም፤ ቢከለክሉኝስ ብሎ ፈርቶ ነው። ጭራሽ ከራሱ አንድ ነገር ጨመረባት። እሱ «ነይ!» ብሎ ሲያገሳ ታዳሚው በአንድ ድምፅ «አልመጣም!» ይላል። ወይ ሳቅ! አንዱ ቀርጾ ቲክቶክ ላይ ለቀቀውና በማግስቱ መርካቶ በሙሉ ተያያዘው። ተሸካሚው «ነይ!» ይላል፣ ከጭነት መኪናው ላይ ያለው «አልመጣም!» ብሎ ይመልስለታል።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? ጋሼ ዱባለም እዚያው ሱቃቸው ውስጥ፣ ከደንበኛ ስልክ ላይ ሰሙት። ቤት ገብተው ግን አንድ ቃል አልተነፈሱም። ሙሉብርሃን ቢሰድቡት፣ ቢመቱትም በወደደ። ያዋረዳቸው መሰለው።

ቅዳሜ ከሰዓት ልጆቹ ሲለማመዱ ጋሼ ዱባለ ኮታቸውን እንደለበሱ መጋዘኗ ውስጥ ገቡ። የተደፋ በርሜል ላይ ተቀመጡና እስቲ ተጫወቱት አሉ። ቅዱስ ይሉኝታ ይዞት ድራሙን ዳበስ ዳበስ ቢያደርገው፣ እንደምትመታው ምታው እንጂ ብለው ተቆጡት። መታው። ሙሉብርሃን «ነይ!» ብሎ ጮኸ፤ ልጆቹም የለመደባቸው ነውና «አልመጣም!» አሉ። ጋሼ ዱባለ እጃቸውን አነሱ። ሙዚቃው ቆመ፤ የውጪው የብረት ቅጥቀጣ ብቻ ቀረ።

ያን ጊዜ ነው የመጀመሪያ ልጃቸውን የምስራን ነገር ያወሩት። ሙሉብርሃን እሱ ሳይወለድ የሞተች እህት እንደነበረችው ያውቃል፤ ሳሎን ግድግዳ ላይ ሪባን ያሰረች ሕፃን ፎቶ አለ። ኩፍኝ ነው የወሰዳት። የተቀበረች ቀን ጋሼ ዱባለ አፈሩ ላይ ቆመው «ነይ» እያሉ ቢጮኹ፣ ሽማግሌዎች ግራና ቀኝ ክንዳቸውን ይዘው፣ ተው፣ ወንድ ልጅ እንዲህ አይሆንም፣ ፈጣሪን ታስቀይማለህ አሏቸው። እሳቸውም ዋጥ አደረጉት። የዋጡት ነገር በኋላ ዘፈን ሆኖ ወጣ። ካሴት አሳታሚው ደግሞ ይህ ለቅሶ ነው፣ አለስልሰው፣ የፍቅር ይምሰል አለ። አለሰለሱት። ሰው ሠርግ ላይ ሲደንስበት አይተውም የልጄ ነው አላሉም።

ሙሉብርሃን የሚገባበት ጠፋው። ሕዝቡን ያሳቀባት ያቺ መልስ ፊቱን አቃጠለችው።

«እንተወዋለን፣ አባዬ» አለ።

ጋሼ ዱባለ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጩኸቱን አትንካው። ያኔ እንደዚህ ነበር መጮህ የነበረብኝ። መልሱን ግን አውጣው። እሷ አልመጣም አላለችም።»

በሚቀጥለው ሳምንት ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ያለች አንዲት አዳራሽ ጢም ብላ ሞላች። ሰው የመጣው «አልመጣም» ሊል ነው፤ ይህቺን ከከለከልከው የባንዱ ነገር እዚያው ሊያበቃ ይችላል። ሙሉብርሃን ይህን ያውቃል። «ነይ!» አለ፤ አዳራሹ «አልመጣም!» ብሎ ተናጋ። ባንዱን አስቆመና፣ ዛሬ መልስ የለም አላቸው። ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። ደግሞ «ነይ!» አለ፤ ገሚሱ መለሰ፣ ገሚሱ ዝም አለ። ሦስተኛውን ሲጮህ ድምፁ ተሰበረ፤ ማንም አልመለሰም። ቅዱስ የድራም እንጨቶቹን አየር ላይ እንደያዘ ቀረ።

ከኋላ በኩል፣ ከበሩ አጠገብ፣ አንድ የሻከረ የሽማግሌ ድምፅ «ነይ!» ብሎ ጮኸ። ሰው ሁሉ ዞረ። ጋሼ ዱባለ ቆመዋል፤ ደግመው ጮኹ። ክንዳቸውን የያዘ ሰው አልነበረም።